በደም አልፈስክም

ሰኞ

መጣ። ፈንታሁን ተፈቶ መጣ። እዚህ ሉማሜ፣ ከሻይ ቤቴ ፊት ለፊት ከአውቶቡስ ሲወርድ በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ጠጉሩ ሸብቷል፣ አንገቱ ቀጥኗል። ደስታዬ ልክ አጣ። የያዝኩት ብርጭቆ እጄ ላይ ተሰበረ፤ መዳፌ ሲደማ እንኳ አልታወቀኝም። ታናሽ ወንድሜን ምናለን በእርሻ ድንበር ጠብ በመጥረቢያ ፈልጦ የገደለው ይህ ሰው ነው። የተከፈተ ጭንቅላቱን በነጠላዬ ያሰርኩ እኔ ነኝ። እስር ቤት እንዳይሞትብኝ ስሳል ነው የኖርኩ፤ በእጃችን እንዲሞት።

ወዲያው ለአንዳርጌ ደወልኩ። የቀረኝ ወንድም እሱ ብቻ ነው። «ደመኛህ ገብቷል። ወንድ ከሆንክ ጠመንጃህን ወልውል፤ ካልሆንክ ቀሚሴን ልላክልህ» አልኩት። «ዛሬውኑ እመጣለሁ» አለ። ዛሬ አይሆንም አልኩ። ሕማማት ነው። በሕማማት ለሞተ ፍትሐት የለም፤ እሱ ቀድሞ ቢተኩስብህ ያለ ጸሎት ትቀበራለህ። ለበዓሉ ዋዜማ ይሁን። ሳቀብኝ። «እታለም፣ አንቺስ ቄስ መሆን ነበረብሽ።»

ረቡዕ

እስከ ማታ እህል አልቀመስኩም። ስግደቱ ጉልበቴን ልጦታል፣ ግን እንዴት ደስ ይላል። በሰገድኩ ቁጥር የፈንታሁን ፊት ከሥሬ ያለ እየመሰለኝ መሬቱን በግንባሬ እደልቀዋለሁ።

የዛሬ ወሬ፦ እህቱ ቤት ነው የተጠጋው። ቅዳሜ ወንዙን ተሻግሮ እናቱ ዘንድ ሊውል ነው። መሻገሪያው ከአንዳርጌ ግቢ ሥር ነው። ነገርኩት። ሽንኩርት ስከትፍ ዋልኩ፤ ሁለት በዓል ባንድ ላይ ላከብር ነዋ።

ዓርብ፣ ስቅለት

ስግደቱ ሊያልቅ ሲል በየንስሐ አባታችን ፊት ተሰለፍን። እንደ ወጉ ኃጢአትን ተናግሮ በወይራ ቅጠል ጀርባን መጠብጠብ ነው። ተራዬ ደረሰ። ሐሜት አልኩ። ቁጣ አልኩ። ወተት የነካው ማንኪያ ልሼያለሁ አልኩ። «ሌላስ?» አሉኝ። አፌ መች ያርፋል፤ «ፈንታሁን ነገ ይሞታል፤ ግን አባ፣ ሕማማቱን አስከብሬያለሁ» አልኳቸው። ጉድ እኮ ነው፣ እንዲያመሰግኑኝ ጠብቄ ነበር።

ወይራው እጃቸው ላይ ቀረ። «ልጄ፣ ሲቸነክሩት ይቅር በላቸው ብሎ የለመነው ላንቺም ነው። ሚስማሩን ይዘሽ ቆመሽ ሳለ ነው የወደደሽ። ከወተት ጾመሽ በደም ልትፈስኪ ነው?»

በየዓመቱ እሰማዋለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፣ ወንጌሉን ራሴ አነባለሁ። ግን ሁልጊዜ የምወደደው እኔ፣ የሚቸነክሩት ሌሎች ነበሩ። ዛሬ መዶሻው እኔ እጅ ላይ ተገኘ። እንዲህ ሆኜ እያየኝ ነው የወደደኝ? ሰው ዞሮ እስኪያየኝ አለቀስኩ። «ይግረፉኝ አባ፣ ጠበቅ አድርገው» ብላቸው፣ «የቀረው ስግደትሽ አንዳርጌ ደጅ ነው» አሉኝ።

ቅዳሜ

ማልጄ ሄድኩ። ጠመንጃውን ዘይት ሲቀባ ደረስኩ። እግሩ ሥር ሰገድኩ፣ ታላቁ ስሆን።

«ተነሺ እታለም፣ አታሳፍሪኝ።»

«ተወው። ያጣደፍኩህ እኔ ነኝ፣ ተወው።»

«ሰኞ ቀሚስ ልላክልህ አልሽኝ፤ ዛሬ መነኮስሽ? ወንድማችን ምናለ ቢጠይቀኝ፣ እህትህ ሐሳቧን ቀየረች ልበለው?»

ሊወጣ ሲል አፈሙዙን ያዝኩት። ጎተተኝ፣ አልለቀቅኩም። የአጥሩ እሾህ ላይ ጣለኝ፣ አልለቀቅኩም። ጠምዝዞ ነጠቀኝና በሰደፉ አፌን መታኝ። ጥርሴ ሲሰበር በጆሮዬ ሰማሁት። ደም እየተፋሁ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ። መጀመሪያ እኔን ግደል፣ የላክሁህ እኔ ነኝ አልኩት፤ በደሙ መሃል ይሰማው አይሰማው እንጃ። ሚስቱ ኡኡ አለች። ሰደፉን ደግሞ አነሳ። አንስቶ ቀረ። ደሜ ባዶ እግሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

መሬት ላይ ዘፍ አለ፣ ጀርባውን ሰጠኝ። ፈንታሁን ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን ሰብስቦ ወንዙን ሲሻገር ከተቀመጥንበት ሁለታችንም አየነው። ሰውየው እስኪያልፍ ድረስ አንዳርጌ ጥርሱን ያፋጭ ነበር።

እሑድ፣ ፋሲካ

ከንፈሬ ድንች አክሏል። ሁለት ጥርስ የለኝም። ስስቅ ያመኛል፣ ሳቄ ግን አልቆም አለ። እንዲህ ቀሎኝ አያውቅም።

እኩለ ቀን ላይ አንዳርጌ መጣ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ። ተቀመጠ። «ወሬ ይቀንስላታል ብለህ ነው ጥርሴን የሰበርከው?» አልኩት። አልሳቀም። ፈንታሁን ድንጋይ ተሸክሞ ከሽማግሌ ጋር ለእርቅ ሊመጣ እንደሚፈልግ አባ የነገሩኝን ነገርኩት።

«እሺ አላልኩም» አለ።

«እምቢም አላልክ።»

ዶሮውን ማኘክ እንዳቃተኝ ያያል። ሥጋውን ከአጥንቱ ለየ፣ በጣቱ አደቀቀው፣ በወጡ አርሶ አጎረሰኝ። ቀስ ብሎ፣ በደህናው ጉንጬ በኩል። ጠመንጃው ጉልበቱ ላይ ነበር።