ከስንዝርሽ ያነሱት

ለአስካልዬ፣

ከተለየሽኝ ዓመት ሞልቶ ከዓመቱም በላይ ጥቂት ቀናት አለፉ። እንደምን ከረምሽ ብዬ ልጀምር ብዕሬን አንሥቼ ነበር፤ መልስ የሌለው ጥያቄ መጠየቅ ልማዴ ስላልሆነ ተውሁት። ይልቅ ስለ ቤታችን ልንገርሽ።

ሰፈራችን ኢምባካሲ ብርዱ ገብቷል። ጓሮ የተከልሽውን ሱኩማ ጎመን የአከራያችን ዶሮዎች ጨረሱት፤ የምታባርሪያቸው አንቺ ነበርሽ። ሻሽሽ በሩ ጀርባ እንደተንጠለጠለ ነው። አውሮፕላኖቹ አሁንም ጣራችንን ሊነኩ ምንም ሳይቀራቸው ያልፋሉ። የአዲስ አበባውን በድምፁ እለየዋለሁ ትዪ ነበር። ሲያልፍ የያዝሽውን ሥራ አቁመሽ ወደ በሩ ታያለሽ፤ ያሬዳችን ተፈትቶ፣ ትኬት ቆርጦ የሚመጣ ይመስል። እኔ ሁሉም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚሰማኝ። ቢሆንም ከሄድሽ ወዲህ እኔም ወደ በሩ ማየት ጀምሬአለሁ።

ልጃችን በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ሲወሰድ ገና ተማሪ ነበር። የጫማውን ክር እንኳ እስኪያስር አልጠበቁትም። ሬሳውን አልሰጡን፤ ሞቷልም አላሉን። በሞያሌ በኩል ድንበር ተሻግረን እዚህ ስደት ከገባን በኋላ፣ ስሙን መጥራት ሲያቅተን ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን አቅራቢያ ወዳለው ግድብ መሄድ ጀመርን። እኔ ዓሣ አጠምዳለሁ፤ አንቺ ትለኪያለሽ።

ሕጉ ያንቺ ነበር። የወጣውን ቆሮሶ በእርጥብ እጅሽ ይዘሽ ስንዝርሽን ትዘረጊበታለሽ፤ ካነሰ «እደግ ተመንደግ» ብለሽ ወደ ውኃው ትመልሺዋለሽ። ለታዘዘ ልጅ የሚባለውን ምርቃት ለዓሣ ስትዪ መጀመሪያ ስቄብሽ ነበር። «ዝም በል መምህር፤ አንተ ትሉን አድርግ» አልሽኝ። የምትመርቂው ማንን እንደሆነ ሲገባኝ መሳቄን ተውሁ። የስንዝርሽንም ልክ በቀርከሃው ዘንግ ላይ በቢላ ሁለት ቦታ ቀረጽሁት፤ አንቺ ያልመጣሽ ቀን በግምት እንዳልሠራ።

ሆስፒታል ተኝተሽ፣ ያን ጊዜም የሰኔ ጾም ነበር፣ እጄን ይዘሽ «ለሙት ዓመቴ በግ አትረድ። ራስህ ያጠመድኸውን ዓሣ አብላልኝ። ትንንሾቹን ግን እንዳትነካ» አልሽኝ። ዓሣ ጾም ይገድፋል አይገድፍም እያልን ዕድሜ ልካችንን ተከራክረናል፤ የዚያን ቀን ግን አልተከራከርሁሽም። እሺ አልሁ።

የዚህ አገር ረዥሙ ዝናብ እንዳባራ ማጥመድ ጀመርሁ። ቆሮሶው በዝናቡ ወራት ሲራባ ከርሞ ኖሮ የሚወጣው ሁሉ ትንሽ ነው። ክሩ ላይ ያለው ቡሽ ይሰምጣል፤ ልቤ ይደነግጣል፤ እስበዋለሁ፤ ከምልክቱ በታች። ጥልቅ ወዳለው ዳር ተዛወርሁ። መንጠቆውን በትልቅ ለወጥሁ። ከትል ወደ በቆሎ ገንፎ፣ ወደ ኡጋሊ ጉርሻ ዞርሁ። ያው ነው። ሁሉንም እየመረቅሁ መለስሁ።

ሁርሊንግሃም ሰፈር ምግብ ቤት ያላት ዘነበች ጭንቀቴን ስታይ «ጋሼ፣ ከኪሱሙ ሐይቅ ዳር የመጣ ክንድ የሚያህል ዓሣ አለኝ። እርስዎ የሚጠብቁት እስኪያድግ የኔም ሙት ዓመት ይደርሳል» ብላ አሾፈችብኝ። አንድ ቅዳሜ ይቀረኛል አልኋት።

በዚያ ቅዳሜ የወጣችው ከሁሉም ታንሳለች። ከመንጠቆው አላቅቄ ባልዲው ውስጥ ስጨምራት አፏን ከፈተችና ጫጩቶቿን ተፋቻቸው፤ ዐይን ብቻ የሆኑ፣ በጭንቅ የሚታዩ። ቆሮሶ ልጆቿን በአፏ ይዛ እንደምታሳድግ ለስንት ክፍል አስተምሬአለሁ። በዐይኔ አይቼ ግን አላውቅም ነበር።

እናት ናት፣ አስካልዬ። ያደገች ናት። ግድቡ ጠባብ ነው፤ ዓሣው በዝቶ የሚበላው አይበቃውም። እንዲህ ሲሆን ቆሮሶ ቁመቱ ሳይረዝም ይጎለምሳል፤ ይወልዳል፤ በዚያው ልክ ያረጃል። እነዚያ የመረቅሻቸው ሁሉ ልጆች አልነበሩም። እድገታቸውን ጨርሰው ነበር። ምናልባትም አንዱን ደጋግመን መርቀነው ይሆናል።

ባልዲው አጠገብ ብዙ ተቀመጥሁ። ትንሽ የሚባል ከሌለ ሁሉንም ብወስድ ቃልሽን አላፈርስም፤ ለሙት ዓመትሽ የሚበቃም አገኝ ነበር። ነገሩን አገላብጬ አየሁት፤ ስሕተት የለበትም። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ባልዲውን ቀስ ብዬ ውኃው ውስጥ ዘቅዝቄ ከነልጆቿ ለቀቅኋት። ምርቃቱ ከአፌ አልወጣም።

ሙት ዓመትሽ በዘነበች ዓሣ ወጣ። ሰው በላ፤ ነፍስ ይማር አለ፤ ጾም ነው ያለውም ሽሮ ቀመሰ። ማን አጠመደው ሲሉ ዘነበች ቀድማ «ጋሼ ናቸዋ» አለች። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ስሕተት ሳርም የኖርሁት ሰውዬ ይህን አላረምሁም።

ያሬድ ቢኖር ዛሬ ጎልማሳ ነው። ፂሙን፣ ድምፁን ላስብ እሞክራለሁ፤ አይመጣልኝም። የሚመጣልኝ ያው ጫማው ያልታሰረው ልጅ ነው። አንቺ የሆነ ቦታ እያደገ ነው ብለሽ ሄድሽ። እኔ በበኩሌ ያንን ማለት ከእንግዲህ አልቻልሁም። አውሮፕላን ሲያልፍ ግን አንገቴ አሁንም ወደ በሩ ይዞራል፤ ምን ላድርገው።

ትናንት እንደገና ወደ ግድቡ ሄድሁ። ትንንሾቹ ናቸው የወጡት። እያንዳንዱን በዘንጉ ላይ አጋድሜ ለካሁት፤ የእጅሽ ልክ ያለበት ሌላ ነገር የለኝም። ምልክቱ ከመያዝ ብዛት እየጠፋ ነው። ጣቶቼ እስከታዘዙልኝ ድረስ በቦታው ላይ ደግሜ እቀርጸዋለሁ፤ ይህን ቃል እገባልሻለሁ።

እንደማያድጉ አውቃለሁ፣ አስካልዬ። አንድ በአንድ እደግ ተመንደግ እያልሁ መለስኋቸው።

ያንቺው መምህር