ስሜን ብቻ ለደበቁልኝ ለአቶ ዱባለ

ለተከበሩ አቶ ዱባለ
የኢንሹራንስ አማካሪ
መርካቶ፣ ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ፣ ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ስለ ጤናዎ የማውቀው አንዳች ነገር ስለሌለ ጥያቄዬ ከልብ ነው። ደም ግፊትዎ ከፍ ይበል ዝቅ፣ ስኳር ይኑርብዎ አይኑርብዎ፣ በቤተሰብዎ ውስጥ ምን ሕመም እንዳለ የሚያውቅ ሰው ከሱቆቻችን ረድፍ ፈልጌ አጣሁ። የራስዎን ነገር ሲሆን እንዴት ያሉ ዝምተኛ እንደሆኑ ሳስብ ይገርመኛል። በዚሁ ዝምታዎ ውስጥ ዘመንዎ ይርዘም፤ ባለቤትዎና ልጆችዎም ማንም የማያውቀው ጤና ይስጣቸው።

ይህን የምጽፍልዎ አመተ ሥላሴ እባላለሁ። ስሙ አዲስ ቢሆንብዎ አልቀየምም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እመጣበታለሁ። ከሲኒማ ራስ ከፍ ብሎ፣ ከጨርቅ ነጋዴው ከሁዛይፋ ሱቅ ጎን፣ ክር፣ ዚፕና አዝራር የምሸጠው ነኝ። አሁን አስታወሱኝ።

ደብዳቤውን በግል ልልክልዎ አስቤ ነበር። በኋላ ግን በግል ማለት በእርስዎ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ሳስበው፣ ለምን አደክምዎታለሁ ብዬ ከመነሻው በግልጽ ጻፍኩት።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ልንገረው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሐኪም በሰውነቴ ላይ አንድ ያልወደደው ነገር አገኘ። ምን እንደሆነና የት እንደሆነ እዚህ አልጽፍም። የመርካቶ አንባቢ ያውቀዋል፤ ከመርካቶ ውጭ ያለው ደግሞ እንዳያውቅ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ስለ እኔ የማያውቅ ሰው ቢቀር ደስ ይለኛል። ከዚያ ነገር ላይ ትንሽ ተቆርጦ ለምርመራ ተላከ። ጠብቂ ተባልኩ። ታላቅ እህቴ ሩሀማ የሞተችው በዚሁ ሕመም ነው። እናቴ እሷን ከቀበረች ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ከመቀመጫዋ ትነሳለች። የተሳሳተ ጥሪ ቢሆንም ትነሳለች፤ ከተነሳችም ቶሎ አትቀመጥም። ስለዚህ የወሰንኩት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ውጤቱ እስኪመጣ እናቴ አትሰማም። ክፉ ከሆነ እኔ ራሴ እነግራታለሁ። እጇን ይዤ። ቃሉን መርጬ። ደህና ከሆነ ደግሞ ጨርሶ አትሰማም፤ ያልተነገራት ክፉ ነገር ሆኖ ከእኔ ጋር ይቀራል።

እርስዎ ዘንድ የመጣሁት ሕክምናው በእርስዎ በኩል በገባሁበት የጤና ኢንሹራንስ ይሸፈን እንደሆነ ለመጠየቅ ነበር። ቅሬታ ማለት ስለሚከብደኝ ከዚያ ወዲህ ያለውን እንደ ምስጋና በተራ ላቅርበው።

አንደኛ። ስለ ቢሮዎ። እርስዎና ሞባይል ጠጋኞቹ የምትካፈሉት ክፍል በአንድ ቺፕውድ የተከፈለ ነው፤ ቺፕውዱም ጣሪያው ላይ አይደርስም። በቤተሰብሽ ውስጥ ተመሳሳይ ሕመም ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ መለስኩ። እርስዎ ያን ጊዜ ከኩባንያው ጋር በስልክ ላይ ስለነበሩ የእህቴን ሞት ከነስሟ ጮክ ብለው ደገሙት። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር እንደገና ደገሙት። ከቺፕውዱ ማዶ የጠጋኞቹ ወሬ ቆመ። ስልክ ሊያሠራ የተቀመጠ ሰው ተንጠራርቶ አየኝ፤ ከዚያ ቶሎ ዓይኑን ሰበረ። ሩሀማ በሕይወቷ ያን ያህል ጮክ ተብላ ተጠርታ አታውቅም። ስለ ክብሩ አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ። ስለ አሠራርዎ። ለእናቴ እንዳይሰማ ብዬ ስለምንዎ ቀኝ እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው «እኔ ጋ የገባ አይወጣም» አሉኝ። አመንኩዎት። ያልገባኝ የንግድዎ ጠባይ ነበር። በርበሬ በረንዳ የሚሸምት ሰው ከጆንያው ቆንጠር ተደርጎ መዳፉ ላይ ይሰጠዋል፤ ቀምሶ፣ አስሎ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ይገዛል። እርስዎም ኢንሹራንስ የሚሸጡት እንዲሁ ነው። በየሱቁ ገብተው ሰዉ «እኔ ጤነኛ ነኝ፣ ምን ያደርግልኛል» ሲልዎ ከእኔ ቆንጠር አድርገው ያቀምሱታል። አንዷን ብታይ እንዲህ ሆና፣ እህቷም እንዲህ ሆና ሞታ፣ ዛሬ ኢንሹራንሱ ባይኖራት ምን ይውጣት ነበር ይላሉ። ሰዉ ቀመሰ። ሰዉ ተመዘገበ። በኋላ ልወቅስዎ ስመጣ «በአንቺ ምክንያት ስንቱ ገባ መሰለሽ፣ ጽድቅ እኮ ነው» ብለው አጽናኑኝ። ጽድቁን እንዴት እንደምንካፈል ግን አልነገሩኝም።

ሦስተኛው የስሜ ነገር ነው። ልወቅስዎ የመጣሁ ዕለት በጣም የተከፉት እርስዎ ነበሩ። «እህቴ፣ ስም ጠርቻለሁ? አንድ ቦታ ስምሽን ጠርቼ ከሆነ ይቅጣኝ» አሉ፤ እውነትዎን ነው። ጠያይቄ አረጋግጫለሁ፤ የትም ቦታ አልጠሩኝም። ያሉት «ስም አልጠራም እንጂ፣ ከሁዛይፋ ጎን አዝራር የምትሸጠዋ» ብቻ ነው። አቶ ዱባለ፣ እርስዎም እዚሁ ያደጉ ሰው ነዎት። በመርካቶ ማን በስሙ ይታወቃል? ባለ ጣቃው፣ ባለ ሚዛኑ፣ ባለ ቆርቆሮው። እኔም ባለ አዝራሯ ነኝ። ለዓመታት አጠገቤ የተቀመጠው ሁዛይፋ እንኳ አመተ ሥላሴ መባሌን ያወቀው በቅርቡ ነው፤ ሰዎች ለጸሎት የክርስትና ስሜን ሲጠይቁት እሱ ደግሞ እኔን ጠየቀኝ። ስለ እኔ ማንም የማያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ እርስዎም አጥብቀው የጠበቁልኝ እሱኑ ነው።

ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ብዙ ጊዜ እጄን አያለሁ። እንደ ትናንቱ ነው። ሰው ሲያልፍ ቀና እላለሁ። ያወቀ ሰው እንዴት እንደሚያልፍ ለይቻለሁ፤ ከሱቄ ፊት ሲደርስ እርምጃውን ያዘገያል፣ ሰላምታው ይረዝማል፣ «እንዴት ነሽ?» ይልና መልሱን ከአፌ ሳይሆን ከቀሚሴ ላይ ይፈልጋል። ያላወቀው ቸኩሎ ይገፋኛል። የሚገፋኝ ሰው እየጠፋ ነው።

አራተኛ። ሰው ዋጋ አይከራከረኝም።

ይህን ሌላ ሰፈር ላለ ሰው ማስረዳት ከባድ ነው። እኛ ጋ ደንበኛ ዋጋ ሰምቶ ከሳቀ፣ ወርቅ ነው እንዴ የምትሸጭው ካለ፣ ወጥቶ ከደጃፉ ከተመለሰ፣ ሰላም ነው፤ በሕይወት አለሽ ማለቱ ነው። ልብስ ሰፊው ጴጥሮስ ስንት ዘመን ከእኔ ዚፕ ሲወስድ «ሌባ» ሳይለኝ የሄደበት ቀን የለም። አሁን ዋጋ ስነግረው «እሺ እህቴ» ይላል። እሺ እህቴ! የተባለውን ይከፍላል፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይወጣል። አንድ ቀን እንዲናደድልኝ ብዬ ዋጋውን እጥፍ ጠራሁበት። ከፈለ። ተከትዬው ሮጬ ትርፉን መለስኩለት፤ እሱም «ያዢው፣ ይሁንልሽ» አለኝ። ሐኪሙ ፊት ተቀምጬ ያልፈራሁትን ያን ጊዜ መንገዱ መሀል ፈራሁ። የምሞት መሰለኝ። ጴጥሮስ ካልተከራከረ አንድ የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ምን ያውቃል? እርስዎ የነገሩትን ያውቃል። እርስዎስ ምን ያውቃሉ? እኔ የነገርኩዎትን። ዞሮ ዞሮ በራሴ ቃል ፈራሁ።

አምስተኛ፣ ተራውን አልሳትኩ እንደሆነ፣ የእሑዱ ነው።

እናቴ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወዲያ እንደምትኖር፣ እኔም ከእሷ ጋር እንደምኖር ለረድፉ ማን እንደነገረ አልጠይቅም። ረድፉ ተሰብስቦ ሊጠይቀኝ መጣ። በዚህ ክፋት የለበትም። ሰው ሲታመም መጠየቅ ወጋችን ነው፤ እኔም ስንቱን ጠይቄያለሁ። ብርቱካን ይዘዋል፣ ሙዝ ይዘዋል፣ እርስዎ የታሸገ ጭማቂ ይዘዋል። እኔ ቤት አልነበርኩም፤ የሆነውን በኋላ ሰማሁ። በሩን የከፈተችው እናቴ ናት። ያን ሁሉ ሰው ደጃፏ ላይ ስታይ መጀመሪያ የጠየቀችው «ማን ሞተ?» ብላ ነው። ቅመም የምትሸጠው እትዬ ጫልቱ «ኧረ ማንም አልሞተም እማማ፣ ልጅዎን ልንጠይቅ ነው» አለቻት። እናቴ «ልጄ ምን ሆነች?» አለች። ያኔ ሁሉም እንዳልሰማች ገባው፤ ሁሉም የያዘውን ፌስታል ማየት ጀመረ።

እርስዎ ግን ባለሙያ ነዎት። ወደ ፊት ወጡ። እጇን ያዙ። እኔ ልይዘው የነበረውን እጅ። እንዲህም አሏት፦ «አይዞዎት እማማ፣ በመጀመሪያዋ ልጅዎ ጊዜ ያልነበረ ሕክምና ዛሬ አለ፤ ደግሞ ኢንሹራንስ ገብታለች።»

ለሳምንታት ቃል ስመርጥ ነበር አቶ ዱባለ። እርስዎ ሳይመርጡ ጨረሱት።

ስመለስ እናቴ ብርቱካኑን እያጠበች አገኘኋት። የታጠበውን መልሳ ታጥበዋለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ «ሰው ሁሉ ሲያውቅ እኔ ብቻ ቀረሁ?» አለችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ካለዎት እባክዎ ይላኩልኝ። በማንም እጅ ቢልኩት ይደርሰኛል።

ስድስተኛው አጭር ነው። አቤት ልል ወደ ኩባንያው ዋና ቢሮ ደወልኩ። ያነጋገረችኝ ልጅ እጅግ ትሑት ነበረች። የግል መረጃዬ በጥብቅ የተጠበቀ መሆኑን ካረጋገጠችልኝ በኋላ አቤቱታዬን ለሚመለከተው እንደምታስተላልፍ ነገረችኝ። የሚመለከተው እርስዎ ነዎት። እርስዎም ለሁዛይፋ አስተላለፉ፤ ከምሳ በፊት «ከሰሽው አሉ» ብሎ የጠየቀኝ እሱ ነው።

አንዳንዴ የማጋንን ይመስለኛል። ሰው አልገደሉ፣ አልሰረቁ። «ሰው ካላወቀ ማን ይጸልይልሻል» ያሉኝም በቅንነት ሊሆን ይችላል። የሚጸልይልኝ ሰው ብዛት ያስጨንቀኛል እንጂ አያስከፋኝም። ግን ያስቡት፤ አንድ ሰው ክፉ ወሬውን ለራሱ እናት የሚነግርበትን ሰዓት መምረጥ ካልቻለ ምን ቀረው? እኔ ያለኝ ያ ሰዓት ብቻ ነበር። ለእርስዎ ለደቂቃ ያስያዝኩት እንጂ የሰጠሁዎት አልነበረም።

የምጠይቅዎ ብዙ አይደለም። አንድ በር ያሠሩ፤ የሚዘጋ ይሁን፤ ግድግዳውም ጣሪያው ላይ ይድረስ። ስልክ ይዘው የሟች ስም ሲደግሙ መስመሩ ቢቆራረጥም ድምፅዎን አያንሡ። ለቅምሻ የሚሆን ሕመም ሲያስፈልግዎ ከራስዎ ይጀምሩ። የሰው ስም አለመጥራት ብቻውን ምሥጢር መጠበቅ እንዳልሆነም ይመኑልኝ።

አንድ ነገር ግን እንዲያሰራጩልኝ እለምናለሁ፤ ይህን ከእርስዎ የተሻለ የሚሠራው የለም። ጴጥሮስ ይከራከረኝ። ሌባ ይበለኝ። ስም አይጥሩ፤ ዚፕ የሚገዛው ካሉ ይበቃል።

ላተረፉልኝ ዝና እጅ እየነሳሁ፣ እንደ ወትሮው በየሱቁ ሲዞሩ እግርዎ እንዳይደክም፣ ድምፅዎም እንዳይዘጋ እየተመኘሁ፣ የሸሚዝ አዝራር በተበጠሰብዎ ጊዜ ሁሉ ሱቄ ክፍት መሆኑንና ምን እንደገዙ ለማንም እንደማልናገር በማረጋገጥ እሰናበትዎታለሁ።

አመተ ሥላሴ
(ባለ አዝራሯ)

ግልባጭ፦
ለማንም። በአቶ ዱባለ በኩል ስለሚዳረስ የተለየ ግልባጭ አላስፈለገም።

ድኅረ ጽሑፍ፦ የምርመራው ውጤት ወጥቷል። ለእናቴ ነገርኳት፤ በሩን ዘግቼ፣ እጇን ይዤ፣ ቃሉን መርጬ። ከሐኪሙ፣ ከእናቴና ከእኔ በቀር በዓለም ላይ የሚያውቀው ሰው የለም። በኩባንያውና በእኔ መካከል የነበረዎትን ውክልና ዛሬ ጠዋት ስላነሣሁ፣ መታከሜንም አለመታከሜንም ከዚያ በኩል አይሰሙም። ሱቄ ድረስ መጥተው ፊቴን ቢያጠኑም ደህና ዋሉ ከማለት በቀር የሚያገኙት የለም። ረድፉ ሁሉ እርስዎን እንደሚጠይቅ አውቃለሁ። አላውቅም ብለው ይመልሱ። መጀመሪያ አፍ ላይ ይከብዳል፤ ደጋግመው ቢሉት ይለምዱታል።