የቡሬ ጆሮ

ቁሐር ሚካኤል፣ የካቲት ፬ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ፤

ጉልበትዎ እንዴት ሰነበተ? የወንዛዬ ፍል ውኃ ተስማማዎት? እኛ በሕይወት አለን፤ በረታችን ግን ጸጥ ብሏል።

ከልጅነቴ ጀምሬ አንቱ ስልህ ኖርሁ። ከእንግዲህ አንደበቴ እንቢ ብሎኛልና አንተ ልበልህ።

በኅዳር የከብት ሐኪሙ አበረ መርፌውን ይዞ ከወረታ ሲመጣ ያለንን ታስታውሳለህ። ደስታ የምንለው የከብት በሽታ ቫይረስ ከሚባል በዓይን ከማይታይ ነገር እንደሚመጣ፣ ተመራማሪዎች ያንኑ አዳክመው አዲስ መድኃኒት እንዳደረጉት፣ ደካማውን የቀመሰ ከብት ብርቱው ሲመጣ እንደማይወድቅ አስረዳን። ባሌ አያልነህ ላሞቻችንን ሊነዳ ተነሥቶ ነበር። አንተ ግን በትርህን ተክለህ፣ «ይህ መርፌ ጡት ያደርቃል፤ ላም ያመክናል፤ ከብቱን ያስወጋ ከማኅበራችን ይውጣ» አልህ። ሽማግሌያችን ነህና ሰማንህ። ከብቱን ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ ሸሸግን። አበረ አንድም ሳይወጋ ተመለሰ።

በታኅሣሥ በሽታው ገባ። ዓይናቸው አነባ፣ አፋቸው ቆሰለ፣ ደም አስቀመጣቸው። ስድስቱ ላሞቻችንና ሁለቱ በሬዎቻችን በሳምንት አለቁ። አያልነህ የመጨረሻዋን ጎትቶ ከጣለ ወዲህ ከሰው አይነጋገርም። ያንተ በረት ግን ሙሉ ነው። «ጸበል ረጭቼ ነው» አልህ፤ እኔም ሞኟ ለጸሎትህ እጅ ነሣሁ።

ባለፈው ሰኞ የምናርስበት ብናጣ ልጆችህ ቡሬ የሚባለውን በሬህን አዋሱን። አያልነህ ቀንበር ሲጭንበት እኔ ጆሮውን ያዝሁ። ቀድሞ ያልነበረ ክብ ቀዳዳ አለበት፤ ጠርዙ ድኗል። ወረታ ሄጄ አበረን ጠየቅሁት። የወጋውን ከብት ሁሉ ጆሮውን እንደሚበሳ፣ አንተም እሱ ከቁሐር በተመለሰ በሦስተኛው ቀን አሥራ አንዱንም ከብትህን በሌላ መንገድ ነድተህ እንዳመጣህለት፣ ለማንም እንዳይናገር እንደለመንኸው ነገረኝ።

ፈርተህ ብትሳሳት ይቅር ባልሁ፤ ሁላችንም ፈርተናል። ሐሳብህን ከለወጥህ በኋላ ግን አንድ ቃል ምን ይከብድህ ነበር? ቃሌን አጠፍሁ ብለህ ሰው ፊት ከምታፍር፣ የሰው በረት ባዶ ይቅር አልህ። እንዲህ ያለ ትንሽ ሰው አንቱ ስል ኖሬአለሁ።

ቡሬን መልሼ በረትህ አስሬዋለሁ። እርሻችንን በዶማ እንቆፍራለን።

እግዚአብሔር ምሕረቱን ይላክልህ፤ በሰላም ለአገርህ ያብቃህ። መጻፍ እንደማልችል ታውቃለህ። ይህን ስነግረው የጻፈልኝ ጎረቤታችን ደሞዝ ነው፤ አራት ላሞች የሞቱበት። ስለ ጆሮው የነገርሁት ጊዜ ብዕሩን አስቀመጠ። ከዚያ «ቀጥይ» አለኝ።

እኅትህ