ስልሳ አንድ ሰኞ

ኅዳር 18 ቀን

ቱቦው ውስጥ ሸረሪት ነበረች።

ልጄ፣ ደህና ነሽ ወይ? እኔ ደህና ነኝ። በእጄ የምጽፍልሽ፣ በኢሜይል ብልክልሽ «ደርሶኛል፣ ከሠላምታ ጋር» ብለሽ እንደምትመልሺልኝ ስለማውቅ ነው። አምስት ወር ሙሉ ከሠላምታ ጋር ስትይኝ ከርመሻል። ሠላምታም ሲበዛ ይበርዳል።

ነገሩን ከመጀመሪያው ልንገርሽ። ግማሹን ታውቂዋለሽ፤ ቢሆንም እንደማታውቂ ሆነሽ አንብቢው።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ጣሪያችን ላይ ያለው መሣሪያ ጭጋግ ማብዛት ጀመረ። ከውጭ ትምህርቴን ጨርሼ ስመለስ አውሮፕላን ውስጥ እንደ ሕፃን ጭኔ ላይ አድርጌ ያመጣሁት መሣሪያ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንገቱን እያዞረ በቱቦው ፀሐይን ሲከተል፣ ብርሃኗ ምን ያህል አቧራና ጭስ አልፎ እንደመጣ ሲነግረኝ ኖሯል። የእናንተ ሳተላይት፣ አንቺና ቡድንሽ ባሕር ማዶ የምትሠሩበት፣ ያንኑ አቧራ ከላይ ሆኖ ይገምታል። ገማች ሲሳሳት የሚታረመው መሬት ላይ ባለው መለኪያ ነው፤ የሙያችን ደንብ ይኸው ነው። ስለዚህ የእኔ ቁጥር ከእናንተ በአንድ አምስተኛ ሲበልጥ፣ የተሳሳተው ማን እንደሆነ ለመወሰን አንድ ቀን አልፈጀብኝም። ሳተላይታችሁ አዲስ ነበር፤ አዲስ ነገር ይሳሳታል። ጥናቱን ጻፍኩ፣ ግንቦት ላይ ታተመ፣ አጨበጨቡልኝ። ለጡረታ አሥር ወር ለቀራት ሴት ጥሩ መሰነባበቻ ነበር።

ከዚያ የሰኔው ስብሰባ መጣ። አርባ ሰው በስክሪን ተሰብስቧል። አንቺ ከዚያ ማዶ ሆነሽ፣ እናትሽን በ«እርስዎ» እያናገርሽ ጠየቅሽ።

«ዶክተር፣ የእርስዎ ጭጋግ በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ለምንድን ነው ከፍ የሚለው?»

«የቀትር ነፋስ አቧራ ያነሳል።»

«እሑድም? ዝናብ በዘነበ ማግሥትም? ሰዓት አክብሮ ሥራ የሚገባ ጭጋግ እኔ አይቼ አላውቅም።»

ሰው ሳቀ። እኔም ለመሳቅ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ቀጠልሽና «ቱቦውን አይተውታል?» አልሽ።

«በየሳምንቱ» አልኩሽ። ያ አልበቃኝ ብሎ ደግሞ «እኔ ሰማይ መለካት ስጀምር አንቺ ገና ዳይፐር ላይ ነበርሽ» አልኩ።

ስለ ዳይፐሩ ይቅርታ ልጠይቅሽ ሦስት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳሽም። «በየሳምንቱ» ስላልኩት ግን አንድም ቀን ይቅርታ ልጠይቅ አልሞከርኩም። አሁን የምጽፍልሽ ስለሱ ነው።

ቱቦ ማየት ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ። ሰባት ዓመትሽ ነበር። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አብረሽኝ ጣሪያ ትወጫለሽ፤ ቱቦውን ፈትቼ ስሰጥሽ ዓይንሽ ላይ ትደግኚዋለሽ።

«ምን ይታያል?»

«ክብ ሰማይ!»

ክብ ሰማይ ከታየ ንጹሕ ነው። በብሩሽ ጠርገን፣ መልሰን አጥብቀን፣ መዝገቡ ላይ «ተጠርጓል» ብለን እንፈርማለን። አንቺም ከጎን ትፈርሚ ነበር፤ ፊርማሽ ዳክዬ ይመስል ነበር።

ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ከብረት መሰላሉ ሦስተኛው መወጣጫ ላይ ተንሸራትቼ ወደቅኩ። የተጎዳሁት ጉልበቴን ነው። ያነሳኝ የበሩ ጥበቃ ነው፤ በበጋም በክረምትም ካፖርቱን የማያወልቀው፣ አንቺ ጄኔራል ያልሽው። ለማንም ትንፍሽ እንዳይል አስማልኩት። ለአንቺ ብነግርሽ ትኬት ቆርጠሽ ከች ትያለሽ፤ ሳተላይታችሁ ሊመጥቅ ደግሞ አንድ ወር ነበር የቀረው። ለቢሮው ብነግር፣ ጣሪያ መውጣት ያቃታትን አሮጊት ምን ያደርጓታል? የምስክር ወረቀት ሰጥተው ይሸኟታል።

ሰኞ ሲመጣ ጠረጴዛዬ ላይ እንደተቀመጥኩ «ተጠርጓል» ብዬ ፈረምኩ። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ነገ እወጣለሁ ብዬ ነው። በሁለተኛውም እንደዚያው። ከዚያ ወዲያ ሰኞ ስለሆነ ብቻ ነው የፈረምኩት።

ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ዘነበ። እሑድ ሰማዩ ታጥቦ ማዶ ተራራው ላይ ያለው የስልክ ማማ ብረቱ አንድ በአንድ ይቆጠር ነበር። (አዎ፣ እሑድም ቢሮ ነበርኩ፤ አትቆጪኝ።) እኩለ ቀን ሲሆን መሣሪያዬ ጭጋግ አለ አለ። መስኮቱን አየሁ፤ ስክሪኑን አየሁ፤ እንደገና መስኮቱን። ከሁለት አንዳቸው ይዋሻሉ። መስኮት ደግሞ አይዋሽም። ወደ ጄኔራል ወረድኩ።

«የጣሪያውን ቁልፍ።»

ቀና ብሎ አየኝ። የቁልፍ መዝገቡን ወደ እኔ ገፋው። «ይፈርሙ።»

የእሱንም መዝገብ ታውቂዋለሽ፤ ቁልፍ የወሰደ ሁሉ ይፈርምበታል። የመጨረሻው የእኔ ፊርማ የባለፈው ዓመት መስከረም ነው። ከሱ በታች የቧንቧ ሠራተኛው ሁለት ጊዜ፣ የዲሽ ሠራተኛው አንድ ጊዜ። ሌላ የለም።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ታውቅ ነበር?»

«እኔ የማውቀው ቁልፉ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሎ እንደከረመ ነው። ሌላው የሳይንስ ነገር ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ዶክተር፣ ያልወጡት እርስዎ፣ እኔ ነኝ የምነግርዎ?»

መሰላሉን ከታች ያዘልኝ። አንዱን እግር አስቀድሜ፣ ሌላውን እየጎተትኩ ወጣሁ። እሱ ከሥር ማውራቱን አላቆመም። «ቀስ! ከወደቁ ሁለታችንም መጠየቃችን ነው፤ እርስዎ በሰማይ፣ እኔ በቢሮ።»

ቱቦውን ፈትቼ ወደ ብርሃን አየሁ። ክብ ሰማይ የለም። ድር ነው፤ መሐሉ ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ሸረሪት። አልፈረድኩባትም፤ ጨለማ፣ ከነፋስ የተከለለ፣ ቀኑን ሙሉ በነፃ የሚያዞር ቤት ማን ይጠላል? ድሯ ከመቶ ስድስት ያህሉን ብርሃን ያስቀር ነበር። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ብርሃኑ የሚያቋርጠው አየር ስለሚያጥር፣ ትንሿ ጉድለት የምትጎላው ያኔ ነው። ይህን በየዓመቱ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። ፈተናም አወጣበታለሁ።

ጠርጌ ወረድኩ። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ስክሪኑ ፊት ተቀምጬ ጠበቅኩ። ጭጋጉ ሥራ ቀረ። የእኔና የእናንተ መስመር ተደራርቦ አንድ ሆነ፤ መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ እንደገና አየሁ፤ አንድ ነው። ብቻዬን አጨበጨብኩ። ተሸንፌ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታም እንደ ድንጋይ ተኛሁ፤ ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ዳይሬክተራችን ጋ ገባሁ። ያ የቀድሞ ተማሪዬ፣ «አሁኑኑ» እያለ ምንም የማያደርገው። መዝገቡን ሳልወጣ እንደፈረምኩ፣ ጥናቴን እንደምሰርዝና የመሰረዣው ደብዳቤ የተቋሙ ማኅተም እንደሚያስፈልገው ነገርኩት። በሩን ዘጋ።

«ቱቦው ተጠርጓል አይደል? ዝም እንበል። ማን ያውቃል?»

«ሸረሪቷ።»

«እሺ፣ ይሰረዝ። ግን ምክንያቱ ሸረሪት ናት ይባል። የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። መዝገቡን ምን አስነሳዎት? በመጋቢት በክብር ሊወጡ!»

ቸር ሰው ነው። ሲማርም ደግ እንጂ ጠንቃቃ አልነበረም። ወረቀት አንስቼ እንደ ድሮው አስረዳሁት። መዝገቡ እውነት ከሆነ ሸረሪቷ የሳምንት እንግዳ ናት። የሳምንት እንግዳ ከሆነች የተቀረው ቁጥሬ ሁሉ ትክክል ነው። ትክክል ከሆነ ደግሞ የፊታችን ሰኞ የእናንተ ቡድን ስሌቱን በእኔ ቁጥር ያርማል፤ የአየር ማስጠንቀቂያው ከዚያ ስሌት ስለሚወጣ፣ በንጹሕ ሰማይ ሥር ያለ ሰው ሁሉ በሩን ዝጋ፣ ልጅህን አታውጣ ሊባል ነው። ሰኔ ላይ ልክ የነበረችው ልጅ ደግሞ ስሟ ከስሕተቱ ጋር ይቀራል።

«ስለዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች» አልኩት። «‹መሣሪያው ለአሥራ አራት ወር አልተጠረገም፤ ተጠርጓል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ።› ስልሳ አንዱን ሰኞ ሸረሪቷ አልፈረመችም።»

«አሁኑኑ አየዋለሁ» አለ።

ያ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነበር። አሁን ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሦስት ጊዜ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። ደብዳቤው ዛሬ ካልተላከ ለሰኞ አይደርስም። ለጄኔራል ብነግረው ጢሙን አሻሸና «እሳቸው ሊወጡ ሲሉ የበሩ ቁልፍ ሊጠፋኝ ይችላል» አለኝ።

የሁለቱን መዝገቦች ፎቶ ኮፒ አብሬ ልኬልሻለሁ። ጎን ለጎን አድርገሽ እያቸው። የእኔ ሙሉ ነው፤ የጄኔራል ባዶ ነው። እውነተኛው የእሱ ነው።

መጋቢት ላይ ትኬት እንዳትቆርጪ። ከፈለግሽ ግን ቁረጪ፤ ክፍልሽ እንዳለ ነው፤ መጋረጃውን አጥቤዋለሁ። መሰላሉን የሚይዝልኝ ሰው አለ፤ ከላይ ሆኖ «ክብ ሰማይ» የሚለኝ ግን የለም።

ዕድሜ ከጤና ይስጥሽ። ሥራሽ ይቃናልሽ። ክብ ሰማይ አያሳጣሽ።

እናትሽ

የዳይሬክተሩ መኪና ተነሳ። በመስኮት ይታየኛል፤ ጄኔራል በሩ ላይ ቆሞ የካፖርቱን ኪሶች አንድ በአንድ እየፈተሸ ነው። ያ ካፖርት ብዙ ኪስ አለው። ማኅተም የሚጠብቀውን ደብዳቤና ከዘራዬን ይዤ ወጣሁ።