የተጣበቀው ገጽ

ጥር 6

ዛሬም እንደወትሮው። ኩባያዎቹን አጠብኩ፣ የልጆቹን አፍንጫ ጠረግኩ፣ ምንጣፉ ላይ የተረገጠውን ሸክላ ጭቃ በማንኪያ ፋቅኩ። መምህርቷ እንደ ልማዷ «ምነው አፍሽን ለጎሙት እንዴ?» አለችኝ። ፈገግ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ…

ከትልቅ ሰው ጋር ቃል አይወጣኝም። ሰባተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ሳቆም እንኳ ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም አልተናገርኩም። ሕፃናት ግን አያስፈሩም። እዚህ መዋዕለ ሕፃናት ረዳት ሆኜ ከገባሁ ወዲህ ድምፄን የምሰማው ከእነሱ ጋር ስሆን ብቻ ነው።

ከምሳ በኋላ ጋደም ሲሉ የማነብላቸው እኔ ነኝ። ያችኑ አንዷን መጽሐፍ። ሌሎቹ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎባቸዋል፤ «ይቀዷቸዋል» ትላለች መምህርቷ። ስለዚህ በየቀኑ ጃንጥላዋ የጠፋባት ዶሮ። ዳክዬን ትጠረጥራለች፣ ቀጥሎ ጥንቸልን፣ መጨረሻ ላይ ጃንጥላው ከራሷ አልጋ ሥር ይገኛል። እኔን ሰልችቶኛል። እነሱን አይሰለቻቸውም።

ፌንጣ ዛሬም ክንዴ ሥር ተወሽቃ ሰማች። ፌንጣ የምንላት መራመድ ስለማታውቅ ነው፣ ሁሌ ዝላይ። አምስት ዓመቷ ነው። እናቷ መንገዱን ተሻግሮ ልብስ ሰፊ ናት። መሃል ላይ አቋረጠችኝ።

«ዳክዬ ጃንጥላ ምን ያደርግላታል? ውሃ ውስጥ አይደል እንዴ የምትውለው?»

«ዝም ብለሽ አዳምጪ» አልኳት። ገና ስንት ገጽ ይቀረኝ ነበር።

ጥር 14

አነበበች!

ፌንጣ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው… አንድም ቃል ሳትስት። ገጹን የምትገልጠውም ልክ በቦታው። ማን አስተማራት? እኔ ነኛ! ከእኔ በቀር ማን አነበበላት?

እናቷ ልትወስዳት ስትመጣ እየሮጥኩ በሩ ላይ ደረስኩባት። «እትዬ፣ ልጅዎ ታነባለች!»

«ምን አልሽ የኔ ልጅ?»

ደገምኩላት። ቦርሳዋን መሬት አስቀምጣ ግንባሬን ሳመችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ተናግሬ ሰው ሲደሰት… እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ጥር 19

ወሬው ሰፈሩን አዳርሷል። እናትየዋ ልብስ ሊለካ የመጣውን ሁሉ «ልጄ መጽሐፍ እንደ ውሃ ትጠጣለች» ትላለች አሉ። ዘበኛው ጠዋት በሩን ሲከፍትልኝ ባርኔጣውን አነሳ። «ደህና አደሩ፣ ፕሮፌሰር!» ሳቄ አመለጠኝ።

እናትየዋ ሰማያዊ ቀሚስ ሰፍታ አመጣችልኝ። ልክ የኔ ልክ። መቼ ለካችኝ? በዓይኗ ይሆናል።

ሌላም ነገር ነገረችኝ። ኮረብታው ላይ ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት ለመጪው ዓመት አንድ ልጅ ፈትኖ በነፃ ይቀበላል። ፌንጣን አስመዝግባታለች። «ታነባለች ብዬ አፌን ሞልቼ ነው የተናገርኩት» አለች። «እሷ እንኳ እንደ እኔ ዕድሜዋን መርፌ ላይ ስታፈጥ አትኑር።»

ጥር 27

ምነው ባላየሁት።

ትናንት አንዱ ልጅ መጽሐፉ ላይ ወተት ደፍቶበት ነበር። ሁለት ገጾች ተጣብቀው ደርቀዋል። ዛሬ ፌንጣ ስታነብ አጠገቧ ነበርኩ። ከዳክዬዋ ቀጥሎ ጥንቸሏ መምጣት ነበረባት። የለችም። ከተጣበቁት መሃል ቀርታለች። የፌንጣ ጣት ያረፈው ዶሮዋ አልጋ ሥር ስታጎነብስ በሚለው ላይ ነው። ከአፏ የሚወጣው ግን ስለ ጥንቸል ነው… ጥንቸል እንዲህ አለች፣ ጥንቸል ተቆጣች… አንድም ቃል ሳትስት።

የሌለ ገጽ አነበበች።

ወረቀት ላይ «ዶሮ» ብዬ ጽፌ ሰጠኋት። ገልብጣ ጀርባውን አየች። «ሥዕሉስ?» አለችኝ።

ድምፄን ነው በቃሏ የያዘችው። የት እንደማርፍ፣ የት እንደምገልጥ፣ ሁሉንም። ምን አድርጌያለሁ?

ጥር 28

ለመምህርቷ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ነበር፣ አልተቆጣችም።

«ሁሉም እንዲህ ነው የሚጀምረው» አለች። «መጽሐፍ መያዙ፣ መግለጡ፣ ታሪኩን በቃል መውጣቱ፣ ይሄም ቀላል አይደለም። ንባቡ ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ይመጣል።»

«ፈተናውስ?»

«እሱንማ ለእናቷ ንገሪያት፣ ዛሬውኑ። የምሥራቹን ያበሰርሻት አንቺ፣ ይሄንንም ካንቺው ትስማ።»

ሄድኩ። የልብስ መኪናው ይንጫጫል። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ በራ። «ምን ልታዘዝ፣ የኔ መምህር?»

የኔ መምህር…

«ነጭ ክር አለዎት?» አልኳት።

የካቲት 2

ዛሬም ሄድኩ። ዛሬም ክር። ጥቁር።

አክስቴ መሳቢያዬን ከፍታ «ምነው፣ ስፌት ቤት ልትከፍቺ ነው?» አለችኝ። መርፌ እንኳ የለኝም።

የካቲት 5

ፊደል ላሳያት ሞከርኩ። በሩ ላይ ያለውን፣ ሳሙናው ላይ ያለውን፣ የራሷን ስም። አትፈልግም። «እኔ እኮ ማንበብ እችላለሁ!» ብላ ወረቀቱን ወረወረችው። ጮህኩባት። ሕፃን ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

ስለ ዳክዬዋ የጠየቀችኝ ትዝ አለኝ። ለካ የዚያን ቀን ነበር ማጨብጨብ። ዶሮዋ ያላሰበችውን እሷ አሰበች። እኔ ዝም በይ አልኳት። እንደ በቀቀን ስትደግምልኝ ግን ሮጬ በር ላይ አወራሁ። ምን ዓይነት አስተማሪ ነኝ?

ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው። መምህርቷ ለእናቷ የነገርኳት መስሏታል። ነገ ጠዋት፣ ሱቁን ስትከፍት፣ ሳልቀመጥ እነግራታለሁ።

የካቲት 6

አልነገርኳትም።

የካቲት 7

ከሰዓት እናትየዋ በር ላይ አስጠራችኝ። ፌንጣ ፊቷን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ደብቃለች።

አልጮኸችም። ቀስ ብላ ነገረችኝ። ፈታኞቹ ሌላ መጽሐፍ ሰጧት፣ ስለ መኪና። ፌንጣ ገለጠችው፣ ጣቷን ከመስመሩ ሥር አደረገች፣ ጀመረች። «አንዲት ዶሮ ጃንጥላዋ ጠፋባት…» ሳቁ። እሷ የወደዱላት መስሏት ድምጿን ከፍ አደረገች። የባሰ ሳቁ። ከዚያ ገባት፣ መሃል ላይ ቆመች።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ክር ልትገዢ የመጣሽ ጊዜ?»

ራሴን ነቀነቅኩ። መሬት መሬቱን እያየሁ።

«ልጄን አሳቅሽባት» አለች።

ሄዱ። በመስኮት አየኋቸው። ፌንጣ አልዘለለችም። እንደ ትልቅ ሰው ተራመደች።

የካቲት 12

አልመጣችም። ከዚያ ቀን ወዲህ አልመጣችም።

መምህርቷ ቁም ሳጥኑን ከፈተችው። «ይቅደዱት» አለች። «ለመቀደድ ያልደረሰ መጽሐፍ አልተነበበም።» ልጆቹ ተንጫጩበት። እያንዳንዱን ገጽ ምን ይመጣል፣ ለምን ይመስላችኋል፣ እያልኩ አነበብኩላቸው። አንዱ «ቀበሮው ዋሽቷል» አለ። «በምን አወቅህ?» አልኩት። ጥርሱን አሳየኝ፣ የሥዕሉን ቀበሮ ጥርስ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ክንዴ ሥር ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ቀሚሱን አጥቤ አጥፌዋለሁ። እንዴት አድርጌ እለብሰዋለሁ?

የካቲት 18

ሄድኩ። ክር አልጠየቅኩም።

ኮት የሚለካ ሰውዬ ቆሟል። ይስማ ብዬ ተናገርኩ። «እትዬ፣ ጥር ላይ ነው ያወቅኩት። ልነግርዎት መጥቼ አቃተኝ። የልጅዎን ፈተና እያወቅኩ ዝም አልኩ።» ድምፄ ለራሴ ጮኸብኝ። ሰውዬው እጁን እንደዘረጋ ቀረ።

እናትየዋ መኪናውን አቆመች። «ይቅር ብዬሻለሁ አልልሽም» አለች። «ሌላ ፈተና መች እንደሚኖር እግዜር ይወቅ። መጽሐፍ ሳሳያት ፊቷን ታዞራለች። ትምህርት ቤት ስላት ሆዴን አመመኝ ትላለች።» ከዚያ በመቀሱ ወደ ጠረጴዛው ሥር ጠቆመች። «ያቻት። ከፈለግሽ ግቢ።»

ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ፌንጣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል ተቀምጣ የልብስ ቁልፎችን በየቀለማቸው ትለያለች። ቀና ብላ አላየችኝም። ከላያችን መኪናው እንደገና መንጫጫት ጀመረ።

«ለምን ሳቁ?» አለች፣ ለቁልፎቹ እንደምታወራ።

«የተናገርሽው መጽሐፉ ላይ ስላልነበረ።»

«ታዲያ የት ነበር?»

«ሳነብልሽ በቃልሽ ይዘሽው ነው። እሱም ጉብዝና ነው። ማንበብ ግን ሌላ ነው።»

አሰበች። አንድ ቀይ ቁልፍ ከሰማያዊዎቹ መሃል አወጣች።

«አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

እናቷን? ግንባሬን የሳመችውን ሴት? ፈታኞቹን አላውቃቸውም። መምህርቷ አልተቆጣችኝም። እሷን፣ ይቺን ትንሽዬ? …

«እንጃ» አልኳት።

ያኔ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ።

«አስቢበት» አለችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁልፎቿን መለየት ቀጠለች።