ደህና ነኝ ያልኩሽ ቀን

መሐል ሜዳ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም.

ውድ እየሩስ፣

ከሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ። አትደንግጪ፣ አለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ የቆመ ጽሕፈቴን ታግሰሽ አንብቢልኝ። ደብረ ብርሃን ከገባሽ ሁለት ዓመት ሆነሽ፤ የጠየቅሽኝን ግን እስከ ዛሬ አልመለስኩልሽም።

ያን ጊዜ እዚሁ ሆስፒታል፣ ልጄ ሞቶ ከተወለደ በኋላ፣ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ «ጠጄ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልሽኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። አንቺም ተነስተሽ ወጣሽ፤ ብዙም ሳትቆዪ ጤና ኬላውንም ቀበሌውንም ትተሽ ሄድሽ።

ድሮ የቀበሌያችን ጤና ኤክስቴንሽን ሆነሽ ቤት ለቤት በእግርሽ ስትመጪ ቤት ውስጥ የነገርኩሽ ነገር አልነበረም። አንቺ ደግሞ ብልጥ ነሽ፤ አማቶቼን ሰላም ብለሽ፣ የቀረበልሽን ቀምሰሽ፣ «በይ ሸኚኝ» ትዪኝና ከገብስ ክምሩ ጀርባ ስንደርስ የሆዴን ሁሉ ታስዘረግፊኛለሽ። እዚያ ያልነገርኩሽ ምን አለ? ባሌ አወቀ እንኳ የማያውቀውን ታውቂ ነበር።

ከዚያ ያ ስልክ ተሰጠሽ። ለየነፍሰ ጡሯ እየደወልሽ ትጠይቂያለሽ፣ መልሱን እዚያው ስልኩ ላይ ነክተሽ ወደ ወረዳ ትልኪያለሽ። ዳገቱ ጉልበትሽን ጨርሶት ስለነበር እኔም እሰይ ብያለሁ። ግን በእኛ ቤት ስልኩ የአወቀ ነው። እሱን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ድምፁን ከፍቶ ለቤቱ ሁሉ ካላሰማ የተደወለለት አይመስለውም። የቀበሌ ጡሩምባ የተሰጠው ነው የሚመስለው።

ያን እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤቱ ሙሉ ነበር። የአወቀ አባት፣ አባባ ፈንታ፣ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፤ የነፍስ አባታቸውም ከጎናቸው ናቸው። «ጠጄ፣ ደም አይተሻል ወይ?» የሚለው ድምፅሽ ከስልኩ ወጥቶ ቤቱን ሞላው። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ደሙ ከቅዳሜ ጀምሮ ይታየኝ ነበር። «ኧረ ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩሽ። አንቺም «ደህና» የሚለውን ነካሽ። ምን ታድርጊ? ከክምሩ ጀርባ ብንሆን ኖሮ ፊቴን አይተሽ ትይዢኝ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ በቃሬዛ ወጣሁ።

ጠጄ አላመነችኝም ብለሽ ሄደሽ እንደሆነ፣ በእመቤቴ፣ እንዲያ አይደለም። ያፈርኩት አማቴን ነው። ይህችን እንኳ ሳልነግርሽ መቅረቴ አንጀቴን ይበላኛል።

አሁን ደግሞ እንደገና ነፍሰ ጡር ነኝ። በአንቺ ቦታ የመጣችው ልጅ አዛለች ትባላለች፤ እሷም ትደውላለች። ባለፈው ማክሰኞ ደወለች። አወቀ እንደ ልማዱ ከፈተው፤ አባባ ፈንታም እዚያው መደብ ላይ ናቸው። ያንኑ ጠየቀችኝ። ከዚያ የልጄ ነገር ትዝ አለኝና፣ መሬት መሬቱን እያየሁ፣ «አዎ፣ ከትናንት ጀምሮ ደም አይቻለሁ» አልኳት።

አዛለች አምቡላንስ እስከ መኪናው መንገድ እንደምትልክ ነግራን ዘጋች። አባባ ፈንታ ቀና ብለው አላዩኝም። ተነስተው ወጡና ጎረቤቱን ተጣሩ። ቃሬዛው ሲመጣ በርኖሳቸውን አውልቀው አለበሱኝ። ወጣቶቹ ይተዉት ቢሏቸው እምቢ ብለው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ከፊት ገብተው እስከ መንገዱ ተሸከሙኝ። ሲያወርዱኝ ትንፋሽ አጥሯቸው «አይዞሽ ልጄ» አሉኝ።

ሐኪሙ ጽንሱ ደህና ነው ብሎኛል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ይኸው እያለቀስኩ ነው፣ እየሩስ። ያኔም ብናገር ኖሮ ይሸከሙኝ ነበር።

ባለሽበት እመቤቴ ትጠብቅሽ።

ጠጄ ምንይሉ