እስኪያበቃ የጠራው ስልክ

ለተከበርከው ታላቅ ወንድሜ ለሲዲ ሚላድ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ። ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ወገብህ ተሻለው ወይስ አሁንም እንደ ሽማግሌ ግድግዳ ይዘህ ነው የምትነሳው? እናታችን እንዴት ናት? ጉልበቷ ደረጃ ያስወጣታል? ባለቤትህ ሳልማስ፣ ልጆቹ ዐዋጢፍና ረቢዕስ? ያቺ ቀንደ ሰባራ ፍየል አሁንም የጎረቤት ልብስ ከገመድ ላይ እያወረደች ትበላለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ ብቻህን ሆነህ አንብበው። እናታችን ምን ይላል ካለችህ፣ ካልሲ ላኩልኝ ይላል በላት። የእጅ ጽሑፌን ስታይ ምን ተንኮል አለበት ብለህ ወረቀቱን እንደምታገላብጠው አውቃለሁ። አታሽትተው፣ እንደ ባለፈው ሚጥሚጣ አልነሰነስኩበትም። ፊደሌ የተጣመመው ጉልበቴ ላይ አድርጌ ስለጻፍኩ ነው፤ በደህናው ጊዜም ቀጥ ብሎ አያውቅም እንጂ።

አባታችን ኦፕራሲዮን አልሆኑም። እናንተ ዛሬ ሰኞ ገብተው ይወጣሉ ብላችሁ ዱዓ ላይ ናችሁ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተዋል። ወረቀቱን አልፈርምም ብለዋል። ጥፋቱ ደግሞ የሐኪሞቹ አይደለም፣ ያንተም አይደለም። የእኔ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከመጀመሪያዋ ቀን ስልክ ነው። አባታችንን ይዤ ድንበሩን አልፈን ስፋቅስ ከተማ እንደገባን ደወልኩልህ። አንተም አንስተህ፣ እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ መንገዱ እንዴት ነበር፣ አየሩ እንዴት ነው፣ በጣም ደህና ናችሁ ስትል፣ ስትል፣ ሆስፒታሉ የት እንደሆነ እንኳ ሳልነግርህ ካርዱ አለቀ። የአገራችን ካርድ እዚህ ስትደውልም ይበላል፣ ሲደወልልህም ይበላል። እኔም ብልጥ ነኝ ብዬ የሚስኮሉን ሕግ በመልእክት ጻፍኩላችሁ። አንዴ ጠርቶ ከተዘጋ፣ አባታችን ደህና አደሩ። ሁለቴ ከሆነ፣ ሐኪም ጋ ገቡ። ሦስቴ ከሆነ፣ ምግብ በሉ። እስኪያበቃ ከጠራ ደግሞ፣ ኑሪ ወደብ ዳር ተቀምጦ የተጠበሰ ዓሣ እየበላ ነውና ቅኑበት። ከእናንተ አንዴ ከጠራ፣ ሰምተናል፣ ይመችህ። ያነሳ ሰው ልጆቹ ፊት እንደ አህያ ይጮሃል። ረቢዕ ተሳስቶ አንስቶ ግቢውን እየጮኸ እንደዞረ ሳልማ ስትጽፍልኝ አልጋው ላይ ተንከባልዬ ነበር የሳቅኩት።

አሁን ልንገርህ። ትናንት እሑድ ከሰዓት ሐኪሙ ወረቀቱን ይዞ መጣ። አባታችን ብዕሩን ተቀብለው መልሰው አስቀመጡት። «ከሚላድ ጋር አውፍ፣ ይቅር ሳንባባል ከቢላዋ ስር አልገባም» አሉት። ስለ ወይራዎቹ ነው። ከቤት ኋላ ያሉትን ሦስቱን ቆርጠህ ለልጆችህ ክፍል የሠራህ ጊዜ፣ ከእንግዲህ ከእጅህ ውሃ አልጠጣም እንዳሉህ ሁላችንም ሰምተናል። የመጣን ቀንም ሻንጣቸውን መኪናው ላይ ጫንክ እንጂ እጃቸውን ሳትጨብጥ ነው የተመለስከው። መንገዱን ሙሉ ያንን ሲያብሰለስሉ ነበር። እኔ ደግሞ ከኋላ ሆኜ የሾፌሩን ሳል እየቀዳሁ አስቃቸዋለሁ ብዬ ስለፋ ነበር።

ያን ሰዓት ዳቦ ልገዛ ወርጄ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው በእኔ ስልክ፣ በራሳቸው ጣት ደወሉልህ። ስመለስ አምስት ጊዜ ደውለዋል፤ አምስቱንም እስኪያበቃ። እናንተ ቤት ዐዋጢፍ እየቆጠረች፣ ኑሪ አምስት ዓሣ በላ ብላችሁ እንደሳቃችሁ ቤቱ ውስጥ እንዳለሁ ሆኖ ይታየኛል። እኔ ከበሩ ላይ ቆሜ ሳለሁ ስልኩ አንዴ ጠራ። አባታችን እጃቸውን ሰደዱ፣ ሳይደርሱበት ተዘጋ። ይመችህ ማለትህ ነበር። እሳቸው ግን ሕጉን አያውቁም። ስልኩን ብርድ ልብሱ ላይ አስቀምጠው፣ «አየኸው? መልሶ ደውሎ ዘጋብኝ» አሉኝ።

ወዲያው ሁሉንም ነገርኳቸው። ሚስኮሉን፣ ዓሣውን፣ አህያውን፣ አንድም ሳላስቀር። ስጨርስ ራሴን ዳበስ አድርገው፣ «ለወንድምህ ብለህ መዋሸትህ ደግ ነው ልጄ። ዛሬ ግን ቀልድህን አልችለውም» አሉ። ሚላድ፣ በሕይወቴ አንድ ቀን እውነት ብናገር እሱንም አላመኑኝም። ደግሜ ልደውልለት ስላቸውም፣ «ተወው፣ ልጄን ስድስተኛ ጊዜ አልለምንም» ብለው ዞሩ።

ኮሪደር ወጥቼ፣ አባባ የእውነት ይፈልጉሃል፣ አንሳ ብዬ ጻፍኩልህ። መልስህ ምን ነበር? «ልታስጮኸኝ ነው?» ደግሜ ጻፍኩ፤ በአላህ ስም ማልኩልህ። «ዓሣህን ጨርስ» አልከኝ። አልቀየምኩህም፤ እኔም ብሆን እኔን አላምንም። ከዚያ መልእክቱም፣ ካርዱም አለቀ። ዛሬ ጠዋት የዚህን አገር ሲም ካርድ ገዝቼ በአዲስ ቁጥር ደወልኩ፤ እሱንም አላነሳህም። ባለፈው ረመዳን የሬዲዮ ጣቢያ ሰው ነኝ፣ ሙክት ደርሶሃል ብዬ ገመድ አስይዤ ካስወጣሁህ ወዲህ የማታውቀውን ቁጥር እንደማታነሳ ረስቼው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብደብቀው ያንቀኛል። አባታችን በመጣን በሁለተኛው ቀን፣ ሂድና የዚህን አገር ካርድ ግዛ፣ እንደ ሰው እንደዋወል ብለው ገንዘብ ሰጥተውኝ ነበር። ዓሣ በላሁበት። የመጀመሪያው ዓሣ ቀልድ አልነበረም።

ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶኝ ነበር። የልባቸው ቧንቧ ጠቧል፤ ከአልጋ እስከ መታጠቢያው ሲሄዱ ከንፈራቸው ይጠቁራል። «ሐሙስ ጠዋት ቦታ አለኝ። ከዚያ ወዲያ መቼ እንደማገኝ እኔም አላውቅ፣ ልባቸውም አያውቅ» አለኝ። አስፈርምልኝ ብሎ ወረቀቱን ሰጠኝ። ኪሴ ውስጥ ነው፣ በተቀመጥኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል።

ይህን የሚያደርስልህ ሾፌሩ ዐሙ ኸሊፋ ነው፤ ነገ ጠዋት በሽተኛ ጭኖ ይመለሳል፣ አመሻሹ ላይ ምስላታ እናንተ ጋ ይደርሳል። በቃል ንገርልኝ ስለው፣ «ባንተ ቃል ሰው ደጅ አልቆምም፣ ጻፍና ስጠኝ» አለኝ። ካላመንከኝ እሱን ጠይቀው፤ ገብቶ አባታችንን አይቷቸዋል፣ ሲወጣ ዓይኑን በጥምጥሙ ጫፍ ሲጠርግ አይቼዋለሁ።

አዲሱን ቁጥር ከወረቀቱ ጀርባ በትልቁ ጽፌዋለሁ። በዚህ ካርድ የተደወለለት ሰው ምንም አይከፍልም። አንተ ከራስህ ስልክ አትደውል፣ ቶሎ ይቆረጥብሃል። ከመስጊዱ አጠገብ ካለው የስልክ ሱቅ ሂድና ከዚያ ደውል፤ ለውጭ አገር እሱ ይረክሳል፣ ሳትሳቀቅም ትናገራለህ። ወይራዎቹን መቁረጥህ ልክ ነበር አልነበረም ብለህ አትከራከራቸው። ይቅርታ ማለት ከተናነቀህ አትበል፣ ባባ እኔ ነኝ ብቻ በላቸው። አሁንም ከተቀየምክ ደግሞ ተቀይሜያለሁ ብለህ በድምፅህ ንገራቸው፤ እሱንም ይችሉታል። ያልቻሉት ያቺን አንዲት ጥሪ ነው። እኔ ስልኩን ትራሳቸው ላይ አስቀምጬ እወጣለሁ፤ ከኮሪደር ሆኜም አልሰማም።

ከተመለስኩ በኋላ እንደፈለግህ ግረፈኝ፤ አልሮጥም።

የእናታችንን እጅና ግንባር ሳምልኝ። አሁን ምንም አትንገራት፤ አባታችን የእጇን የገብስ ገንፎ፣ ባዚኗን ናፍቀዋል በላት፣ ይህም እውነት ነው። ሳልማን፣ ስለጻፈችልኝ መልእክት ሁሉ ሰላም በልልኝ። ዐዋጢፍን፣ ቆጠራሽ ጎበዝ ነው፣ አሁን ግን በቃ በላት። ረቢዕን ጉንጩን ሳምልኝ፣ ሕጉ ከወጣ ወዲህ ስልኩን ያነሳው እሱ ብቻ ነበር፣ እሱ ነው ከሁላችንም የበለጠው በለው። ለጎረቤቶቹም፣ ፍየሏ ለበላችው ሸሚዝም ጭምር፣ ሰላምታዬ ይድረስ።

ይህን ሁሉ ሰላምታ ግን ከደወልክ በኋላ አድርስ።

ታናሽ ወንድምህ
ኑሪ አል-ፈርጃኒ

ስፋቅስ፣ ሰኞ ኖቬምበር 5 ቀን 2007